የውሃ ሞተሩን ያጠነከርኩ ዕለት

ቆቦ ውስጥ፣ ወደ ዋጃ የሚሄዱት ሚኒባሶች ከሚጭኑበት ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የውሃ ሞተርና ባጃጅ የሚጠግን መካኒክ አለ። ቤቱን ስጠላው ለጉድ ነበር። መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሮ ጫማ ይይዛል። ጥግ ላይ የጫት ገረባ ተከምሯል። ካንዴላ የሚያጥብበት የቤንዚን ጣሳ ዝንብ ተንሳፎበታል፤ እሱ ግን እጁን በዚያው ነክሮ፣ ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ሳምቡሳውን ይገምጣል።

ከዚህ ሁሉ የባሰ የሚቀፈኝ እዚያ መዋሉ ነው። በእኛ አገር ሞተርን ለመካኒክ ሰጥቶ ወደ ጉዳይ መሄድ የለም። ባለቤቱ በርጩማ ስቦ ፊት ለፊት ይቀመጥና ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌውን እንዳይገጥምብኝ እያለ እጅ እጁን ሲያይ ይውላል። ምሳ ይጋብዛል፣ ጫት ይገዛል። በሆዱ ሌባ የሚለውን ሰው በአፉ "እንዳንተ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል" ይለዋል። እኔም ስንት ቀን እንዲህ ተጎልቼ ውያለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ልብሴን አውልቄ የምጥለው ከዘይቱ ሽታ ይልቅ ያንን ውሸቴን ጠልቼው ይመስለኛል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከሮቢት ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ከአባታችን የቀረ መሬት አለን። የታችኛው የእኔ፣ የላይኛው የታላቅ እህቴ ነው። እኔ ደሞዝ አለኝ፤ እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች መሬት ሌላ ምንም የላትም። ማሳችንን ከወንዙ የምናጠጣው በተራ ነው። ተራውን የሚያወጣው ገበሬዎቹ የመረጡት ሽማግሌ ነው፤ የውሃ አባት እንለዋለን። የእኔና የእህቴ ቀን በስምንት ቀን አንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ። ፀሐይ ከጠለቀች ቱቦህን ትሰበስባለህ፤ የውሃ አባት ልመና አይሰማም።

ሞተራችን አንዲት ናት። የእኔ ማሳ ጠጥቶ እስኪጠግብ ቀኑ ያልቅና ለእህቴ የሚደርሳት ጭላጭ ነበር። ማሽላ እየዘራች ሳለ ይህ ያን ያህል አይጎዳትም። ያን ዓመት ግን እኔው አፌን ከፈትኩ። "እትዬ፣ ማሽላ ምን ይረባሻል? ሽንኩርት ትከይ። የውሃውን ነገር ለእኔ ተይው" አልኳት። አመነችኝና ያላትን መሬት በሙሉ ሽንኩርት አደረገችው።

ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ውሃው እንደማይበቃ ግልጽ ሆነ። ሞተሯን ባጃጅ ላይ ጭኜ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩና ጉልበት እንዲጨምርላት ጠየቅሁት።

"መምህር፣ ወላሂ ይቺ በልኳ የተሠራች ናት" አለኝ። "አጥባታለሁ፣ ዘይቷን እቀይራለሁ። ከዚያ በላይ ሩጪ ካልካት ትሞትብሃለች። ላንተም አይበጅህ፣ ለእኔም ስም አይሆነኝ።"

ሊያጓትተኝ ነው ብዬ ናቅሁት። ስለ ኃይልና ግፊት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የምውል ሰው ዝንብ ያለበት ጣሳ ፊት ቁጭ ብዬ ልማር? ሞተሬን ይዤ ተመለስኩ። ስልኬ ላይ ሌሎች ሰዎች ሞተር ሲያሻሽሉ እያየሁ፣ በአንድ ቅዳሜ ብዙ ቤንዚን የሚያጠጣ የሞተር ሳይክል ካርቡራተር ገዝቼ ገጠምኩላት። አየር ማጣሪያው ለአዲሱ ካርቡራተር አልገጥም ሲል ጭራሽ ተውኩት። መጨረሻ ላይ ፍጥነቷ ከልክ እንዳያልፍ የምትይዘውን ቀጭን ሞላ በካቻቢቴ ነቅዬ ጣልኩና ማፍጠኛውን እስከ መጨረሻው ስቤ በሽቦ አሰርኩት። እህቴ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ሞላዋን አሳየኋት። "ውሃሽን የከለከለችሽ ይቺ ናት" አልኳት። እሷም ከልቧ መረቀችኝ።

ተራችን ደረሰና ሞተሯን አስነሳኋት። ጩኸቷ ከወንዙ ማዶ ሰው ጠራ። ውሃው ከቱቦው ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። እህቴ እልል አለች። ገበሬዎቹ ዙሪያዬን ከበው "ድሮስ የተማረ!" አሉኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። እና የት ጀመርኩ? ከራሴ ማሳ። ሞተሯን ያጠነከርኩት ለእህቴ ብዬ ነበር፤ ጥም ላይ ያለው የእሷ ሽንኩርት ነበር፤ ቱቦውን ወደ ላይ መዘርጋት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን የእኔን ቶሎ ጨርሼ ልገላገል አልኩ። ይህን ስጽፍ እንኳ መጥፎ ጠረን እንደሸተተው ሰው ፊቴን አዞራለሁ።

ረፋዱ ላይ ማሳዬ ረክቶ ቱቦውን ወደ ላይ መጎተት ስንጀምር ሞተሯ አንድ የብረት ድምፅ አሰማች። ጮኸች፣ አጨሰች፣ ቀጥ አለች። ገመዱን ብስብ ንቅንቅ የለም። ያለ ማጣሪያ የሳበችው የቆላ አቧራና ልክ ያጣው ሩጫ ፒስተኗን በልተውት ተጣብቆ ቀርቷል። ይህን ለማወቅ መካኒክ አላስፈለገኝም፤ እዚያው ገብቶኛል።

"ምን ሁና ነው?" አሉ ሰዎቹ።

"ያ መካኒክ ነዋ!" አልኩ። "ባለፈው ዓመት ሲጠግናት ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ሸጉጦብኛል።"

ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን አስቤበታለሁ፤ ሁሉም እንደሚያምነኝ አውቄ ነው ያልኩት። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሌብነቱን ሲያወሩ እህቴ መሬት መሬት ታይ ነበር። የሚቀጥለው ተራችን ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሽንኩርቷ ያን ተራ ከሳተ አበቃለት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቆቦ ገባ። በሦስተኛው ቀን፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሞተሯን ይዤለት ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ሌባ ቤት ምን ትሠራለህ መምህር?" አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ወልድያ ልወስዳት ብል እዚያ ያለው ለሳምንት ቀጠረኝ። ለእህቴ መካኒኩ እምቢ እንዳለ ነገርኳት። "ወንድምዓለም፣ አንተው ሂደህ እውነቱን ንገረው" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

"ምኑን?" ብዬ ዓይን ዓይኗን ያየሁበት ያ ፊቴ ዛሬም ይቀፈኛል። እሷ ግን በማግስቱ ሞተሯን በባጃጅ አስጭና ብቻዋን ሄደች። ተራችን ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው የምትሠራ ሞተር ይዛ መጣች፤ አሮጌው ካርቡራተር፣ አዲስ ማጣሪያ፣ አዲስ ሞላ። በምን እሺ እንዳለላት ስጠይቃት "በማርያም ብዬ ለመንኩት" አለች። ያን ቀን ከእሷ ማሳ ጀመርን። ከሽንኩርቷ ግማሹ ተረፈ፤ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ተኝቶ ቀረ።

ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ። ልናዘዝ ቆርጬ ነበር፤ የምለውን መንገድ ላይ ስደጋግም ነበር። አምስት ስድስት ባለ ሞተሮች በየበርጩማቸው ተቀምጠዋል። እሱ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳና ዘይት የተቀባ እጁን ትቶ ክንዱን ዘረጋልኝ።

"መምህር፣ አውፍ በለኝ፣ በከንቱ ተቀየምኩህ" አለ። "እህትህ መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ለካ ውሃ ይጨምርልኛል ብላ ካርቡራተሩን የቀየረችውም ሞላዋን የነቀለችውም እሷ ናት፤ አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ፣ ተደብቃ፣ በካቻቢቴ! ወንድሜ ምንም አያውቅም፣ መስሎት ነው ስምህን ያነሳው ብላ እግሬ ላይ ልትወድቅ! አስተግፊሩላህ ብዬ አነሳኋት።"

ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው፣ "ሴትዮዋ ካቻቢቴ ይዛ!" እያለ ጭኑን መታ።

እኔ ነኝ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ይጠብቃሉ፤ መካኒኩ በርጩማ አቀረበልኝ።

"ምን ታደርጋታለህ፣ ሴት ናት" አልኩና ተቀምጬ አብሬያቸው ሳቅሁ።