ባውክየ ያልቀደደችው ቀን

ሪንሰን ሰው ሲያማብኝ አልወድም። እኔ ግን ላማው መብት አለኝ፤ እዚህ ስኔክ ከተማ፣ የቦዮቹን ውሃ በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል።

ሰውየው ኑሮውን በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፋይል ውስጥ ነው ያስቀመጠው። የተንቆጠቆጠ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከፊደልና ከቁጥር በቀር ምንም የሌለበት ተራ ጽሑፍ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ መስመር፣ ከፊቱ «ይሠራ»፣ ከኋላው ቀን። የጥርስ ሐኪሙ፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት፣ በአገራችን ልማድ ሁላችንም በቀን መቁጠሪያ ጽፈን ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው የዘመድ ልደት ሳይቀር እዚያ ገብቷል። በየዓመቱ የሚመለስ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ «ተሠርቷል» ብሎ ሲነካው መስመሩ በራሱ ወደ ከርሞ ይዘላል፤ እስከዚያ ድምፁም አይሰማም። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ዝርዝር ያነብልኛል። እኔ በእርሳስ የምሞነጫጭርባትን ደብተሬን አወጣለሁ፣ እሱ ይስቅብኛል፣ እንዲህ ስንበሻሸቅ ሥራ ይጀመራል።

አንድ እህት አለችው፣ ባውክየ የምትባል። ዳውን ሲንድረም አለባትና ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር፣ ተንከባካቢ ባለበት ቤት፣ አንዲት ክፍል ይዛ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። የቤቱን ዳቦ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት የምታመጣው እሷ ነበረች፤ አንድ ቀን ዳቦው ሲያረጅባቸው ሻጩን ተቆጥታ ስታስለውጥ አይቻለሁ። አልጋዋ አጠገብ በየቀኑ አንድ ገጽ የሚቀደድ የቀን መቁጠሪያ አላት። የቀኑ ሥራ ካላለቀ ገጹ አይቀደድም፤ እናታቸው ናት ይህን ያስተማረቻት።

ክፍሏ እንዲጸናላት ሪንሰ በየዓመቱ ኖቬምበር 15 ሳያልፍ ፈርሞ የሚልከው ቅጽ ነበር። ካልደረሰ ክፍሉ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ባለፈው ኖቬምበር 6 ቀን ፈረመና ፖስታውን አሸገ። ከዚያ፣ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ፣ መስመሩን «ተሠርቷል» አደረገው።

«እጅህ ላይ እያለ እንዴት ተሠርቷል ትላለህ?» አልኩት።

«አንቺ ሙች ሂልትየ፣ ስወጣ በፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ነው የማልፈው። አለቀ በቃ።»

ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ወደ ፖስታ ሳጥኑ የሚወስደው ድልድይ ደግሞ ለጥገና ተዘግቷል። በሌላ መንገድ ዞሮ ሄደ።

በሳምንቱ ባውክየ ከምትኖርበት ቤት ማስታወሻ ደረሰው፤ ቅጹን አላየነውም ይላል። ደውልላቸው ብዬ ለመንኩት። እሱ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው፦ ኖቬምበር 6፣ ተሠርቷል። ከዚያ ልኬያለሁ፣ የራሳችሁን ወረቀት በደንብ ፈልጉ ብሎ ጻፈላቸው። እኔስ? ፖስታውን እጁ ላይ ያየሁት እኔ፣ ዝም አልኩ። ሁልጊዜ ልክ የሚሆን ሰው ያደክማል፤ ሰልችቶኝ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ክፍሉ ለሌላ ሰው መሰጠቱን የሚነግረው ደብዳቤ ዲሴምበር ላይ መጣ። ሪንሰ ጦፈ፤ ጠበቃ እይዛለሁ አለ። በማግሥቱ የብስክሌት መንፊያውን ሲፈልግ በብስክሌቱ የጎን ቦርሳ ውስጥ፣ ከታች፣ ፖስታውን አገኘው። ቢሮ ይዞት ገባና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ርሶ፣ ደርቆ፣ ተኮማትሯል። ያን ቀን ዝርዝሩን አላነበበልኝም።

ደወለ፣ ሄደ፣ ለመነ። ክፍሉን ያገኘው ሰው ቤተሰቦች ፈርመው ጨርሰዋል። ባዶ ክፍል የተገኘው ኤመን የምትባል ሌላ ከተማ ነው፤ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጃንዋሪ 9 ዕቃዋን ስንጭን እኔም ነበርኩ። ባውክየ ጠዋት ዳቦውን አምጥታ ነበር። የቀን መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱን ሙሉ ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ጠየቀችን። ሪንሰ መሪውን ይዞ ፊት ፊቱን ብቻ ያያል።

ማርች 13 ከሪንሰ ጋር ልጠይቃት ሄድኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያዋ ግን ያው ጃንዋሪ 9 ላይ ነው። ሪንሰ የረሳችው መስሎት ሊቀድላት እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለችው። «ያ ቀን አላለቀም። ገና ቤቴ አልገባሁም።»

ሪንሰ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ። ስንመለስ አልቅሷል፤ እኔ መስኮቱን ሳይ ቆየሁ።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቶ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ፋይሉን ከፈተ። ጃንዋሪ 9 ላይ «ባውክየን ማጓጓዝ፣ ተሠርቷል» የሚል መስመር ነበረው። አጠፋውና «ባውክየን ቤቷ ማድረስ፣ ይሠራ» ብሎ ጻፈ፤ ቀኑን አልነካውም። አሁን ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ሲያነብልኝ በዚያ ይጀምራል። ስንት ቀን እንዳለፈው ይነግረኛል፤ እኔም ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ።