ዘይነባ ጥሬ ሥጋ አትበላም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ የተደረደሩትን የክብሪት ቀፎዎች አይቼ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ አጫሽ መስሎኝ ነበር። አንዱን ከፈትኩ። ያኔ ታካሚ ሰገራውን ከቤቱ የሚያመጣው በክብሪት ቀፎ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የክብሪት ቀፎ ሳልጠራጠር ከፍቼ አላውቅም።

ጊዜው መንግሥት በተለወጠ በሁለት ሦስት ዓመቱ ነው። ጤና ጣቢያችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ዛሬ ሰሚት የሚባለው ሰፈር ያኔ እርሻ ነው። የሰፈሩ ላሞች በተሰበረው አጥራችን እየገቡ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ሣር ይግጡ ነበር፤ የሚያባርራቸውም አልነበረም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ታፈሰ ሥራውን ያስተማሩኝ በአንድ ጠዋት ነው። ስላይድ በምንለው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በአንድ በኩል የጨው ውሃ ጠብታ፣ በሌላው በኩል የአዮዲን ጠብታ ታደርጋለህ። ከሰገራው በእንጨት ጫፍ ጥቂት ወስደህ ታሻለህ፣ በስስ መስታወት ትከድናለህ፣ ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ታያለህ። «መሐሉን ብቻ አይተህ ምንም የለበትም ካልክ ደመወዝህን ያለ ሥራ ነው የምትበላው» አሉኝ።

በመጀመሪያው ወር ያስደነገጠኝ የኮሶ ብዛት ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ጫኝ አለበት፣ የታክሲው ሾፌር አለበት፣ ባለሱቁ አለበት፣ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አለበት። ሙስሊም ክርስቲያን አይልም። ትሉ ከከብት ሥጋ ወደ ሰው፣ ከሰው ሰገራ ወደ ሣር፣ ከሣሩ ተመልሶ ወደ ከብት እንደሚዞር ሳስረዳ ሰው ይስቅብኛል። አንድ ዕቃ ጫኝ «ደሞ ለኮሶ ሐኪም ቤት ይመጣል እንዴ! እኔ የመጣሁት ለሳሌ ነው» ብሎኛል።

መዝገባችን ላይ «ጥሬ ሥጋ ይበላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ኮሶ እያለበት «አልበላም» የሚል ሲመጣ አቶ ታፈሰ ጎኑ ላይ በእርሳስ «ይዋሻል» ብለው ይጽፋሉ። እኔም ተከተልኳቸው። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሰውን ውሸታም ማለት እውቀት ይመስለኝ ነበር።

ዘይነባ የመጣችው ለካርድ እድሳት ነው። ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው በየሦስት ወሩ ተመርምሮ ካርዱን ያሳድሳል። ከወሎ የመጣች፣ ሠላሳን ያለፈች፣ ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው በእትዬ ወርቅነሽ ምግብ ቤት ክትፎ ትሠራለች። ስላይዷን ባየሁ ጊዜ የኮሶ እንቁላል ሞልቶበታል።

«ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ?»

«ኧረ ዶክተር! እኔ ጥሬ ሥጋ አልወድም። ሽታውንም አልችለውም።»

ዶክተር አለመሆኔን ነገርኳት፣ መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ ፊቴ አኝካ ዋጠች፣ ዳነች፣ ካርዷም ታደሰ። መዝገቡ ላይ ግን የተለመደውን ጻፍኩ።

በሦስተኛው ወር ተመልሳ መጣች። ኮሶ። ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራ ይሆናል ብሎ ሌላ ዓይነት አዘዘላት፤ እሱንም ፊቴ ዋጠች። በስድስተኛው ወር ስትመጣ ደግሞ ኮሶ። በዚያን ቀን ወረፋው እስከ በሩ ነበር። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ ውጤት በምንሰጥበት መስኮት እየጮህኩ «ጥሬ ሥጋ ትበያለሽ! ለምንድን ነው የምትዋሺው?» አልኳት። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ወላሂ አልበላም። በልጆቼ እምላለሁ» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ እትዬ ወርቅነሽ ራሳቸው መጡ። «ልጄ፣ ካርዷ ካልታደሰ ወጥ ቤት ላስገባት አልችልም፤ ተቆጣጣሪ ይመጣብኛል። ነጻ ናት ብለህ ጻፍላት።»

«ያየሁትን አላየሁም ማለት አልችልም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሁለት ሳምንት ነው የምጠብቃት። ሁልጊዜ እየታመመች የምትመለስ ሠራተኛ አላቆይም፤ ሌላ እቀጥራለሁ» ብለው ሄዱ።

አቶ ታፈሰ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳይሉ «እውነቱን ብትናገር እኮ እንረዳት ነበር» አሉኝ። ለእኔ ግን በልጆቿ ምላልኛለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ጥሩ ተኝቻለሁ። ሲነጋ ግን ወስኜ ተነሳሁ። ወይ እየበላች አገኛታለሁ፣ ወይ ትሉ በየት በኩል እንደሚገባ አውቃለሁ። ከሁለት አንዱን ሳላገኝ ያችን ሴት ከእንጀራዋ አላፈናቅልም።

ቅዳሜ ነጩን ጋዋን ቤት ትቼ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ታክማ ካርዷ እስኪታደስ ወጥ ቤት እንዳትገባ ቢባልም እትዬ ወርቅነሽ የቅዳሜ ደንበኛ በዝቶባቸው አስገብተዋታል። ሲያዩኝ ደነገጡ። «ልከስዎት አልመጣሁም፤ ጥግ ላይ ልቀመጥ ብቻ» አልኳቸው። ዘይነባ ሰላምታዬን አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተቀብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ሥጋውን ጣውላ ላይ በሁለት ቢላ ትከትፋለች። ቅቤ ታፈሳለች፣ ሚጥሚጣና ጨው ትነሰንሳለች፣ ታሻለች። ከዚያ ከጥሬው ቆንጥራ የግራ እጇ ጀርባ ላይ አድርጋ በምላሷ አነሳችው። ትንሽ አሰበች፣ ዞር ብላ ባልዲው ውስጥ ተፋች፣ ጨው ጨመረች። እንደገና ቀመሰች፣ እንደገና ተፋች። ሳህኑ ወጣ። የሚቀጥለው ትእዛዝ መጣ፤ ያንኑ ደገመች። ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ መቁጠር ሰለቸኝ።

«ዘይነባ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጨው እየቀመስኩ ነዋ።»

«እሱ ጥሬ ሥጋ አይደለም?»

«አልበላሁትም እኮ! እያዩኝ አይደል እንዴ የተፋሁት!»

እውነቷን ነበር። ለእሷ መብላት ማለት እጅ ታጥቦ፣ ቢስሚላህ ተብሎ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ጨው መቅመስ ሥራ ነው። የኮሶ ዘር ያለበት ሥጋ ግን ይህን አያውቅም፤ ከሚተፋው መካከል ለዓይን የማይሞላ ጥቂት ወደ ጉሮሮ ካለፈ ይበቃዋል። ይህን ስነግራት ቢላውን ጣውላው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ እስካሁን ትቀምሻለሽ ወይ ብለው ለምን አልጠየቁኝም?»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቀጣዩ ጦርነት ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር ነበር። «ካልቀመሰች ክትፎው ክትፎ አይሆንም! ደንበኛው የሚመጣው እኮ ለምላሷ ነው» አሉ። እኔ ልከራከር ስል ዘይነባ ቀደመችኝ። «እትዬ፣ ሦስት ቀን ይስጡኝ» አለች። ሥጋውን መመዘን ጀመረች። ጨውን በማንኪያ፣ ሚጥሚጣውን በስኒ ለካች። ከታሸው ላይ ቆንጥራ የጋለ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሲበስል ቀመሰች። መጠኑን እስክታገኝ ብዙ ሥጋ ጠበሰች። በሦስተኛው ቀን አንዱን በድሮው፣ አንዱን በአዲሱ መንገድ ሠርታ ሁለት ሳህን አቀረበችላቸው። እትዬ ወርቅነሽ ሁለቱንም እየደጋገሙ ቀመሱ። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃታቸው፤ አላመኑም እንጂ።

ዘይነባ ለሦስተኛ ጊዜ ታከመች፣ ካርዷም በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ታደሰ። እውነተኛው ፈተና ግን ከሦስት ወር በኋላ ያለው ነበር። እኔም መዝገቡ ላይ ጥያቄውን ለወጥኩት፤ «ጥሬ ሥጋ ወደ አፍዎ ይገባል? ለመቅመስም ቢሆን?» ሆነ። ወጥ ቤት የሚውሉ ሴቶች፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ሚስቶች ጭምር፣ አንድ በአንድ «እሱማ እቀምሳለሁ» ይሉኝ ጀመር። በእርሳስ የጻፍኳቸውን ሁሉ በላጲስ አጠፋሁ። አቶ ታፈሰ ሳጠፋ አይተዋል፤ የራሳቸውን ግን አላጠፉም።

ሦስት ወሩ ደረሰና መጣች። ስላይዷን ከጥግ እስከ ጥግ አየሁት። ሁለተኛ ሠርቼ አየሁ። ሦስተኛውን አቶ ታፈሰ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩና «የለባትም» አሉ።

ወረቀቱን በመስኮቱ ልሰጣት ስል ወረፋው እንደዚያን ቀኑ እስከ በሩ ነበር። በሰው ፊት ያዋረድኳትን በጓዳ ይቅርታ ብጠይቃት አግባብ አይሆንም ብዬ ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ። «ዘይነባ፣ አልዋሸሽም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ፣ የመጨረሻው ሰው እንዲሰማ አድርጌ።

ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው። «በልጆቼማ በሐሰት አልምልም» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማይክሮስኮፕ ሰውየው ምን እንደያዘው ይነግርሃል። እንዴት እንደያዘው ግን አይነግርህም። ያንን የሚያውቀው ሰውየው ራሱ ነው፤ ጠይቀኸው መልሱ ካልገባህ ወደሚሠራበት ሂድና ተቀምጠህ እይ።