በኤግዚቢት የተያዙት ወፎቼ

ሲወስዱኝ ከፊት ከፊቴ የሄዱት ወፎቼ ነበሩ። አንዱ ፖሊስ የሽቦ ቤታቸውን አንጠልጥሎ ይመራል፤ ቀጥሎ እኔ፤ ከኋላዬ ሬዲዮኔንና መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ ሌላ ፖሊስ። የሶዶ የጠዋት ብርድ ገና አልለቀቀም። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ወጥቶ ያያል። የሚያየው ግን እኔን አልነበረም፤ ወፎቹን ነበር። እኔም ብሆን ዓይኔን ከእነሱ ላይ አልነቀልኩም።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። በመማሪያ መጻሕፍት ቋንቋ ምክንያት ከተማው የተናወጠበት ሰሞን ስለነበር የመምህር መታሰር ብርቅ አልነበረም። የወፍ መታሰር ግን ለሁሉም አዲስ ሆነ። ፈረንጆቹ ላቭበርድ የሚሏቸው ትንንሽ በቀቀኖች ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ጭብጥ የማይሞሉ፣ ቀኑን ሙሉ ተጠጋግተው የሚውሉ። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ሙሉ ለሙሉ አረንጓዴ። ወደ አገሯ የተመለሰች አንዲት የውጭ አገር ነርስ ናት ከአንድ የወፍ ሕክምና መጽሐፍ ጋር ትታልኝ የሄደችው። መጽሐፉን ከፈተና ወረቀት ይልቅ እሱን ያነባል እስክባል ድረስ ጨርሼዋለሁ።

በዚያ ጠዋት ፖሊሱ የወፎቹን ቤት ከመስኮቱ ሲያነሳው ቤቱ ወደ እኔ ዘመም አለ። ከሥር ባለው ትሪ ላይ፣ ከኩሱ መሐል፣ የተነጠፈው ወረቀት ርዕስ ታየኝ። መጻሕፍቱን በመቃወም በከተማው ሲበተን የሰነበተው በራሪ ወረቀት ነበር። ለወፎቹ ወረቀት የምታነጥፍላቸው ባለቤቴ ናት። በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ስለነበረች የተበላሸ ወረቀት ከሥራ ቦታዋ ይዛ ትመጣለች። ይህኛው ከየት መጣ? ከመንገድ አንስታው ይሆን? ከሌላ ወረቀት ጋር ተደባልቆባት? ወይስ ራሷ ተይባው? በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ባየው ኖሮ አንድ ነገር ይገባኝ ነበር። ወፎቹን ሳይ አለፍኳት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የገባሁበት ክፍል አሥራ አንድ ሰው ነበረበት። ስሚንቶው ወለል እርጥብ ነው፣ ግድግዳው የላብና የሽንት ሽታ ይዟል፤ መስኮቱ ከራሳችን በላይ ነው። አጠገባቸው ቦታ የለቀቁልኝ ተበላ ከምትባል ከተማ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ገበያ ላይ ያልሆነ ነገር ተናግረሃል ተብለው ነው የታሰሩት።

«አንተስ ምን ብለህ ነው ልጄ?»

«አላወቅኩም አባባ።»

«ወፍም አብሮ ታስሯል አሉ።»

«አዎ።»

«እኔስ እሺ፣ ተናግሬ ነው። ወፉ ምን አለ?»

ስድስት ቀን ማንም አልጠራኝም። ሌሎቹ ተጠርተው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ አንዳንዱ ጎኑን ይዞ ይመለሳል። እኔ ተቀምጬ አስባለሁ። ወረቀቱን አግኝተውታል? ካገኙት ለምን አይጠይቁኝም? ካላገኙት ለምን አሰሩኝ? ባለቤቴ ጎደሬ በዳጣ እያደረገች በፖሊስ እጅ ትልክልኛለች፤ ስለዚህ ቤቷ ናት ማለት ነው። ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚልከው? እያንዳንዱን ጉርሻ እያጣጣምኩ የእሷ እጅ መሆኑን ለማረጋገጥ እሞክራለሁ። አንድ ቀን የእሷ ነው ብዬ እርግጠኛ እሆናለሁ፣ በማግስቱ እጠራጠራለሁ።

የኤግዚቢት ክፍሉ ከእኛ ቀጥሎ ስለነበር የወፎቼ ድምፅ ይሰማኛል። በየጠዋቱ ወንዱ ይጠራል፣ ሴቷ ትመልሳለች። በሰባተኛው ጠዋት ወንዱ ብቻውን ተጣራ። ደጋገመ። የሚመልስለት አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የኤግዚቢት ጠባቂው ሃምሳ አለቃ የበራችንን ትንሽ መስኮት ከፈተ። ወፍራም፣ በምንም ነገር ቶሎ የሚደነግጥ፣ በአማርኛ ወንድና ሴት የሚደባለቅበት የወላይታ ሰው ነው።

«ቲቸር፣ ያንተ ወፍ አልበላ አለች። ታች ወርዶ ቁጭ ብሏል።»

«ላባዋን ነፍታለች?»

«ነፍታለች፤ ኳስ ሆናለች። ዓይኑን ግማሽ ይከፍታል።»

«ጅራቷስ?»

«ስትተነፍስ ላይ ታች፣ ላይ ታች ይላል።»

ወፍ በሽታውን እስከ መጨረሻው ይደብቃል። ላባውን ነፍቶ ከመቆሚያው ወርዶ ወለል ላይ ከተቀመጠ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል።

«ምን አበሏት?»

ሃምሳ አለቃው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ አየ። «ስትታመም ጊዜ ከቁርሴ ትንሽ አቮካዶ በሽቦው አሳለፍኩላት። አልነካችውም።»

«አሁኑኑ ያውጡት! አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው።»

«አቮካዶ?» አለ፤ የሰደብኩት ያህል ከፋው። «እዚህ አገር አቮካዶ ማንን ገደለ?»

«ወንዱም እንዳይበላው፤ እባክዎን።» ከዚያ ትንሽ አሰብኩና ጠየቅኩት፤ «ከሥር፣ ወደ ጅራቷ በኩል አብጣለች?»

«አብጣለች። ትገፋለች፣ ትገፋለች፣ ምንም አይመጣም። እንደ ምጥ ነው።»

«ምጥ ነው። እንቁላል ተቀርቅሮባታል።»

ሽማግሌው ከጀርባዬ ሆነው «ዶሮም እንዲህ ያደርጋታል» አሉ።

እንዲህ የሆነች ወፍ ቀኑን ላትጨርስ ትችላለች። ሙቀት ትፈልጋለች፣ ተን ትፈልጋለች፣ እንቁላሉ እንዲጠነክር ካልሲየም ትፈልጋለች። ሆዷን መጫን ፈጽሞ አይገባም፤ እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ አበቃላት። ሃምሳ አለቃውን ከስሚንቶው ላይ እንዲያነሳት፣ ቤቷን በብርድ ልብስ ሸፍኖ የፈላ ውኃ በጎድጓዳ ሣህን አጠገቧ እንዲያስቀምጥ፣ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ በሽቦው በኩል እህሏ ላይ እንዲነሰንስ ነገርኩት። ሁሉንም አደረገው። እየሮጠ ይሄዳል፣ እየሮጠ ይመጣል። ክፍላችን ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ የራሱን ጉዳይ ትቶ ስለ ወፏ ይጠይቀዋል። አንዱ ለወፍ ይጸለያል ወይ ብሎ ክርክር አስነሳ፤ ሽማግሌው ግን ክርክሩ ሳያልቅ ጸልየው ጨርሰው ነበር።

ከቀትር በኋላ ሃምሳ አለቃው ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«አልሆነም ቲቸር። አሁን ጨርሶ ጨፈነች።»

«ቤቱ ተከፍቶ በእጅ መያዝ አለባት። ዘይት ያስፈልጋታል።»

«የወፎቹ ቤት በር ታሽጓል። የሚከፈተው መርማሪው ባለበት፣ ባለንብረቱ ፈርሞ ነው። ትፈርማለህ?»

ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «አትፈርም። እነዚህ ሰዎች ወረቀት ላይ ስምህን ካገኙ አይለቁህም። ለወፍ ብለህ?»

ለወፍ ብቻ ቢሆን እንኳ እፈርም ነበር፤ እወዳታለሁ። ነገር ግን የሚያስፈራኝ ትሪው ነበር። የወፎቹ ቤት ተከፍቶ ሲነካካ ወረቀቱ ይታያል። ባይከፈትና ወፏ ብትሞት ደግሞ ሬሳዋን ለማውጣት መክፈታቸው አይቀርም፤ ያኔ እኔ በሌለሁበት ወረቀቱን ያዩና ማን አነጠፈው ብለው ወደ ቤቴ ይሄዳሉ። ባለቤቴ ደግሞ ውሸት አይሆንላትም። ወይስ ወረቀቱን ቀድሞውንም ያውቁታል፤ የወፏ ሕመም እኔን ወደ ጠረጴዛቸው የሚያመጡበት ዘዴ ነው? ሃምሳ አለቃውን ዓይን ዓይኑን አየሁት። አልቦት ነበር። ምንም አልገባኝም። ብቻ ጥያቄው ወደ እሷ ከመሄዱ በፊት እኔ ጋ እንዲቆም ፈለግኩ።

«እፈርማለሁ» አልኩ።

የመርማሪው ክፍል ሞቃት ነበር። ወፎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ወንዱ በሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፤ ሴቷ ጥግ ላይ ናት። መርማሪው፣ ቀጠን ያለ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገልኝ።

«ወፎቹ የእኔ ናቸው ብለህ ጻፍና ፈርም።»

ጻፍኩ። ከዚያ እጄ ሳይታዘዝ አንድ መስመር ጨመረ፦ ከሥር ያለውን ወረቀት ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አያውቅም። ፈረምኩ።

መርማሪው አነበበው። ደግሞ አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ።

«የምን ወረቀት?»

ዓይኔ ወደ ትሪው ሄደ።

«እኛ የያዝናቸው በቀቀን ይናገራል ተብሎ ነው» አለ። «ቤትህ የሚባለውን ሰምተው ይደግሙታል ብለን። ይኸው ሰባት ቀን ከጩኸት በቀር አንድ ቃል አልወጣቸውም። የምን ወረቀት ነው የምትለው?»

ማንም ያላየውን ነገር በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁት ማለት ነው። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ትሪውን ሳበው። የሰባት ቀን ኩስ ተከምሮበታል። በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ ወረቀቱን አነሳውና ወደ ብርሃኑ አደረገው። ርዕሱ አሁንም ይነበባል።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«መጀመሪያ እሷን ላውጣት።»

«ጠይቄሃለሁ።»

«እመልስልዎታለሁ። እሷ ግን እኛን አትጠብቅም» አልኩና እሽጉን ራሴ ቀደድኩት።

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም። ሴቷን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል አንገቷን ይዤ፣ ደረቷን ሳልጫን መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያሰፋች ስለሆነ ጨብጦ የሚይዛት ሰው ሳያውቅ ያፍናታል። ሃምሳ አለቃው ለብ ያለ ውኃና የምግብ ዘይት አመጣ። ከሥሯ በሞቀ ጨርቅ አራስኳት፣ በጣቴ ጫፍ ዘይት ቀባኋት፣ ከዚያ ይዤያት ተቀመጥኩ። ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። ልቧ መዳፌ ላይ ይደልቃል። መርማሪው ወረቀቱን ይዞ እንደቆመ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ጊዜ ተወጠረች፣ ደግሞ ተወጠረች፤ ከዚያ ነጭ፣ ከጣቴ ጫፍ እምብዛም የማይበልጥ እንቁላል እጄ ላይ ወደቀ።

«ጌታ ይመስገን!» አለ ሃምሳ አለቃው። ወዲያው መዝገቡን ከብብቱ ሥር አወጣ። «ጌታዬ፣ እንቁላሉን ልመዝግበው?»

«ውጣ!» አለ መርማሪው።

ወፏን ወደ ወንዱ መለስኳት። መቆሚያው ላይ መውጣት አልቻለችም፤ እሱ ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠና የአንገቷን ላባ ያበጥርላት ጀመር።

«አሁን መልስ» አለኝ መርማሪው።

ቆምኩ። እጄ ዘይት ዘይት ይሸታል። «ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በላይ የምናገረው የለኝም።»

አምስት ወር ያንኑ ጠየቁኝ፤ አምስት ወር ያንኑ መለስኩ። አንዳንዱ ቀን ቀላል አልነበረም። ባለቤቴን ግን አንድም ጊዜ አልጠሯትም። ወፎቹን በሳምንቱ ለእሷ መለሱላት፤ ሃምሳ አለቃው የሚወልድ ኤግዚቢት አልጠብቅም ብሎ አስቸግሮ ነው አሉ። ፍርድ ቤት ሳልቀርብ ገባሁ፣ ፍርድ ቤት ሳልቀርብ ወጣሁ።

ወፎቹ አርጅተው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም የማይገባኝ ብዙ ነው። መርማሪው ስለ ወረቀቱ በእውነት አያውቅም ነበር? ወይስ የምን ወረቀት ያለኝ እያወቀ ነው? ያቺን አንድ መስመር ባልጽፋት ኖሮ በሳምንቱ ከወፎቹ ጋር ወደ ቤቴ እገባ ነበር? ባለቤቴን ስለዚያ ወረቀት ጠይቄያት አላውቅም። አፌ ላይ ይመጣና ምርመራ ይመስለኛል፤ እተወዋለሁ። እሷም አንስታው አታውቅም።

ወዳጆቻችን ቤታችን ሲሰበሰቡ «ለወፍ ብሎ የታሰረ መምህር» እያሉ ይቀልዱብኛል። በተለይ እንቁላሉ ሊመዘገብ ነበር ሲባል ሳቁ ቤቱን ይሞላዋል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያስቃል። ባለቤቴ ግን ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ቀልድ አንድም ቀን ስቃ አታውቅም።