ፈርሂያ ያላየችው ቀይ ቀበሮ

እኔ መሰረት መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ጎረቤቴ ፈርሂያ ከጅዳ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፓስፖርቷ ላይ ሃያ አምስት ተጽፎላት ሄዳ፣ ዘጠኝ ዓመት የሰው ልጅ አሳድጋ መጣች። ዛሬም ቁመቷ ከስፌት መኪናዬ ብዙ አይበልጥም። ይህን ስላት ትስቃለች።

ያሳደገቻት ልጅ ሁዳ ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከፈርሂያ ጉያ ሳትወጣ ስላደገች አማርኛ ትናገራለች፣ ያውም የእኛን። በየዓርቡ ትደውላለች። “ፈርሂያዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?” ስትል የእኛው የወሎ ቦረና ልጅ እንጂ የጅዳ ልጅ አትመስልም።

ሁዳ ሕፃን ሳለች አልተኛም እያለች ስታስቸግር፣ ፈርሂያ ከከተማችን በላይ ስላለው ብሔራዊ ፓርክ ታወራላት ነበር። እዚያ ጥጃ የሚያህል ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ተቀምጦ ልጆችን ይጠብቃል ትላታለች። ልጅቱ “አይተሽዋል?” ትላለች። “ወላሂ አይቼዋለሁ።” የት አይታው? እዚህ ተወልደን እዚህ ያደግን ሰዎች ፓርኩን የምናውቀው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ነው። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ መጥቶ ያየዋል፤ እኛ ከተራራው የሚወርደውን ጭጋግ አይተን “ዛሬስ ብርድ ነው” ብለን በር እንዘጋለን።

ባለፈው ወር ሁዳ ይህንኑ ለክፍል ጓደኞቿ ብትነግራቸው ውሸታም ብለው ሳቁባት። “ፎቶውን ላኪልኝና ላሳያቸው” አለች። ፈርሂያ በአራተኛው ቀን ወደ ሱቄ መጣችና ቁራጭ ጨርቅ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

“መሲ፣ በሐሰት ምያለሁ። ለመሐላዬ ማካካሻ ሦስት ቀን ጾምኩ፣ አልወጣልኝም። ልጅቱን ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። ወጥቼ ካላየሁት ዕረፍት የለኝም።”

“ምን አስጨነቀሽ፣ ከኢንተርኔት አንድ ፎቶ አውርጂና ላኪላት” አልኳት። ያኔ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም።

ማቀድ ጀመርን። ፓርኩ መሥሪያ ቤት ምንይችል የሚባል ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ አገኘን። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። በማለዳ መነሳት፣ ወፍራም ልብስ፣ አንድ በቅሎ፤ ውሻ የለም፣ ጫጫታ የለም።

“ስንት ናችሁ?”

“ሁለት።”

“ጥሩ። ሰው ከበዛ ቀበሮው አይወጣም።”

ሁለት ሆኖ መሄድ በእኛ አገር መቼ ተችሎ ያውቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ለፈርሂያ ካፖርት ስሰፋ ጎረቤታችን እማማ አልታዬ መጥተው “የማን ነው?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እኛ ዘንድ መንገድ ሊሄድ ነው የተባለን ሰው ስንቅ ሳይሰጡ መሸኘት ነውር ነው። እማማ ዳቦ ሊደፉ ሄዱ። ዳቦው ከተደፋ ደግሞ እሳቸው አይቀሩም፤ “የአባቴን አገር ተራራ ሳላይ ልሙት?” አሉ። ሌላዋ ጎረቤት ዙሀራ ሰምታ ጭኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ስንቅ፣ አሰናዳች፣ እሷም መጣች። ጋሼ ሃሩን ሚኒባሳቸውን ለነዳጅ ብቻ ብለው ሰጡ፤ ወንድማቸውን ከነሚስቱ ጨመሩ። በግ ልንዳ ያለም ነበር፤ ክርስቲያን ይረደው እስላም ተብሎ ሙግት ሳይነሳ እኔው አስቀረሁት። ረቡዕ ላይ አሥራ ዘጠኝ ደረስን። ስንቁን ተቀብሎ ሰውየውን አትምጣ ማለት በየት አገር ያምራል?

ፈርሂያ ቁጥሩን ስትሰማ ዓይኗ ዕንባ ሞላ። “በቃ፣ አላየውም” አለች።

እዚህ ላይ ነው የኔ ቁጡነት የጠቀመው። ቅዳሜ ጠዋት ከሚኒባሱ እንደወረድን መስኩ መሀል ቆምኩና “ከዚህ በላይ አንድ ሰው አይከተለንም” አልኩ። ቀጥዬም ድምፄን ለስለስ አድርጌ “እማማ፣ እዚህ የሚቀረውን ሰው እርስዎ ይምሩልን። ዱዓው ይደረግ፣ ስንመለስ አብረን እንበላለን” አልኳቸው። ሹመት ሲሰጧቸው እምቢ የማይሉ ሴት ናቸው። አንድም ሰው ሳያስነሱ አስቀመጡልን።

ከምንይችል ጋር ሦስት ሆነን ወጣን። ፈርሂያ በበቅሎ፣ እኔ እያለከለክሁ በእግሬ። ጓሳው ሣር ውስጥ ሁለት ሰዓት አድፍጠን እግሬ ደነዘዘ። ኋላ ምንይችል በአገጩ ጠቆመን። ከጅብራው ማዶ አንገቱ ሥር ነጭ ያለበት፣ የጅራቱ ጫፍ የጠቆረ ቀይ እንስሳ፣ አይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ቆሟል። የሰፈራችንን ውሻ እንኳ አያህልም።

“ብቻውን ነው?” አለች ፈርሂያ በሹክሹክታ።

“ሲያድን ሁልጊዜ ብቻውን ነው” አላት።

ስልኳን አውጥታ ሰባት ጊዜ ፎቶ አነሳችው።

ግማሽ መንገድ ወርደን ኔትወርክ ስናገኝ “በይ ላኪውና ዝም በይ። መቼ እንዳየሽው ማን ያውቃል” አልኳት። ላከችው። ዝም ግን አላለችም፤ ደወለች።

“ሁዳዬ፣ ፎቶው ደረሰሽ? ስሚኝማ። ያን ጊዜ አላየሁትም ነበር። ገና ዛሬ ነው ያየሁት።”

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር የልጅቱን መልስ እኔም ሰማሁ።

“ወላሂ ብለሽኝ ነበር እኮ።”

“ብዬሻለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።”

ፎቶውን እያየች ነበር መሰለኝ። “ትንሽ ነው። ጥጃ ያህላል አላልሽም?”

“አይ፣ ትንሽ ነው።”

“ትንሽ ሆኖ ብቻውን አይፈራም?”

ፈርሂያ የሰፋሁላትን የካፖርት እጅጌ ይዛ ታሻሸዋለች።

“ይፈራል ሁዳዬ። መጀመሪያ በጣም ነው የሚፈራው። ኋላ የሚጠብቃት ልጅ ይሰጡታል፣ ከዚያ መፍራቱን ይተወዋል።”

ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው ልላት ነበር፤ ፊቷን አየሁና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ብቻዋን የሄደችው ልጅ ትዝ አለችኝ፤ ተውኩት። ከታች እማማ አልታዬ ዳቦው አለቀ እያሉ ይጠሩናል።