አቼቶ የሚሸተው ሙጫ

ባሌ ተገኘ መስኮት ሠሪ ነው። ከተማችን ዘመሮ ላይ ውርጭ የማያስገባ መስኮት ካያችሁ የሱ እጅ ነው፤ ነፋስ የሚያስገባ ካያችሁ ሌላ ሰው ነው የሠራው። መስታወት መቁረጥ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ልቡ ግን ወላዋይ። አንድ ብሎን ለመግዛት ሱቅ ሦስቴ ይመላለሳል። እኔን ለማግባት እንኳ ሁለት ዓመት አስቧል፤ በመጨረሻ አባቴ "ሰውዬ፣ ትወስዳታለህ ወይስ ለሌላ ልዳራት?" ብለው ነው የገላገሉኝ።

አምና ጥቅምት ላይ መምህርት ይመኙሻል መጣችበት። ከደብረ ብርሃን ተዛውራ የመጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት፤ እኛው ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይታለች። ባሏ ዮሴፍ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ልብሱን ለነዳያን ሰጥታ ለራሷ ያስቀረችው እሱ ያሳደጋቸውን አራት ቀያይ ዓሦች ነው። ገንዳቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እነሱን ክዳኑ በተበሳ ጀሪካን ጭኗ ላይ ይዛ፣ በዚያ መንገድ በአውቶቡስ አመጣቻቸው። ገንዳው ተረፈ። ጎኑ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ውሃውን የሚያጠራው ትንሽ የመስታወት ሣጥን ግን ደቀቀ።

"ጋሽ ተገኘ፣ ያለሱ የራሳቸው ቆሻሻ ይመርዛቸዋል" አለችው። "ዮሴፍ በእጁ ሲንከባከበው ከነበረ ነገር ሕይወት ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው የቀሩኝ።"

እኔ ሞኟ፣ "ለጾም ልትበያቸው ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ምነው አፌን በቆረጠው!

መስታወቱን መቁረጥ ለተገኘ ምንም አልነበረም። ግራ የገባው ሙጫው ላይ ነው። መስኮት የሚያጣብቅበትን ስቱኮ ውሃ ይበላዋል፤ የጫማ ማስቲሽ ራስ የሚያዞር ነው፣ ዓሣ ይቅርና ሰውም አይችለው። የደብሩን መሪጌታ የኔታ አወቀን ቢያማክራቸው፣ "ሰም አድርግበት፤ ቤተ መቅደስ የሚገባ ነገር ዓሣ አይገድልም" አሉት። እውነታቸውን ነው፣ ሰም አይገድልም። ግን ውሃ ሞልቶ ቢሞክረው በማግስቱ በብርዱ ተሰነጣጥቆ ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘነው።

ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሲሊኮን የሚሉትን ሙጫ ሁለት ዓይነት አወጣለት። አንደኛው ሽታ የለውም፣ ላዩ ላይ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ጽሑፍ አለበት። ሁለተኛው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ይላል፣ ዓይን ያስነባል። ባለሱቁ ሽታ የሌለውን አመሰገነለት፤ እኔም "ይኸውልህ ንጹሑ!" አልኩ። ይመኙሻል ስልኳን አገላብጣ ተቃራኒውን ይዛ መጣች።

"ሻጋታ የሚከላከለው መድኃኒት ተጨምሮበታል፤ መድኃኒቱ ዓሣም ይገድላል። የሚሸተው ሌላ ነገር ያልገባበት ከሆነ ደህና ነው። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ ብቻ ነው።"

"እንዴት ነው ነገሩ?" አለ ተገኘ። "የሚከረፋው ደህና፣ የማይሸተው መርዝ?"

ሁለቱንም ገዝቶ ሦስት ቀን ሲያገላብጣቸው ከረመ። በመጨረሻ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለት ጠርሙስ አምጥቶ አንዱን ሙጫ በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ስስ የደረቀ ቁራጭ ከተተና፣ ከወንዝ አልቅት ለቅሞ ጨመረባቸው! ከብት ጉሮሮ ውስጥ የሚገባውን አልቅት፣ ቤቴ መደርደሪያ ላይ! "ወይ እኔ ወይ አልቅቱ" ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። በአራተኛው ቀን ሽታ በሌለው ሙጫ የነበረው አልቅት ሞተ። አቼቶ የሚሸተው ዘንድ ያለው ይዋኛል።

ተገኘ በሚሸተው አጣበቀው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጠዋት ሲነሳ ከጸሎት በፊት ሣጥኑ ውስጥ አፍንጫውን ይከታል። "ገና ነው።" ሌላ አገር በሳምንት የሚደርቀው በኛ ብርድ መች ይደርቃል? ዘጠኝ ቀን ሞላ፣ ገና ነው። ይመኙሻል ጠዋትና ማታ ውሃ በጀሪካን እያመላለሰች ትቀይራለች፣ ዓሦቹ ግን አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ አየር መጉረስ ጀመሩ። መምህርቷ ገንዳው አጠገብ ተንበርክካ "አይዟችሁ" ስትላቸው ሰማሁ። አንጀቴን በላችው።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። አዲስ ዕቃ ከሸተተ ምን ይደረጋል? በወይራ ይታጠናል። የጠላ ጋኑም የወተት ዕቃውም የሚታጠነው ለዚሁ አይደል? ተገኘ ሥራ ሲወጣ ፍሙ ላይ ወይራ አድርጌ ሣጥኑን ደፋሁበት። እንዴት አሳምሬ እንዳጠንኩት! ጥቀርሻውን በጨርቅ ወለወልኩ። አቼቶው ድራሹ ጠፋ።

ተገኘ መጥቶ አሸተተ። ጢስ አልሸተተውም። ጋቢው፣ ጸጉሩ፣ ትራሱ ጢስ ጢስ ለሚል ሰው ጢስ ምኑ ነው? "ደርቋል!" አለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያመነታ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ያን ዕለት ገጠሙት።

በማግስቱ ሁለቱ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ይመኙሻል አልጮኸችም። የቀሩትን ሁለቱን በባልዲ አውጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተገኘ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አለ። "ሙጫው ነው።"

ግን አልቅቱ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ፣ እዚያው ሙጫ አጠገብ ይዋኛል! ተገኘ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን እያነሳ "ታዲያ ይሄ እንዴት ኖረ?" ይላል። ያስቀምጠዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ደንበኛ ሲመጣ "ምኑን አውቄ መስኮት እሠራለሁ" ብሎ መለሰው። እኔ ርጥቡን ሣጥን አንስቼ ጥጉን አሸተትኩ። ወይራ። ጉዴ ፈላ!

ሦስት ቀን ዋጥኩት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለቱም ባሉበት አወጣሁት። "እኔ ነኝ። ሽታው እንዲጠፋ ብዬ አጠንኩት።"

"አጠንሽው?" አለ ተገኘ። "እና ጢሱ ነው የገደላቸው ወይስ ያልደረቀው ሙጫ?"

"እኔ ምን አውቄ! ጢሱን ያመጣሁትም እኔ፣ አለመድረቁን የደበቅሁባችሁም እኔ።" የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ይመኙሻል ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ለሰላምታዬ "እግዜር ይመስገን" ከማለት በቀር ቃል አልሰጠችኝም።

ተገኘ ሌላ ሣጥን ሠራ፣ በዚያው በሚሸተው ሙጫ። ከማድቤቴ ጢስ ሊያርቀው ብሎ የኔታ ዘንድ ወሰደው። ሃያ ስድስት ቀን ቆየ፤ ሁለቱ ዓሦች ባልዲው ውስጥ ውሃ እየተቀየረላቸው ከረሙ። ይዞት የመጣ ዕለት ይመኙሻል ባልዲውን ይዛ ወጣች። ተገኘ ሣጥኑን ለሷ ሳይሆን ለኔ አቀበለኝ።

"አሽትቺው።"

አፍንጫዬን በየጥጉ ከተትኩ። አቼቶ የለም፣ ወይራ የለም። እንደገና አሸተትኩ። "ምንም አይልም" አልኩ።

ሣጥኑ ተገጠመ፣ ውሃው ሲዞር ዋለ። አመሻሹ ላይ ይመኙሻል ባልዲውን እግሬ ሥር አምጥታ አስቀመጠችው። የዮሴፍ ሁለቱ ዓሦች ውስጡ ይዞራሉ።

"እትዬ ጌታነሽ" አለችኝ፣ "እጅዎን በደንብ ይታጠቡና እርስዎ ገንዳው ውስጥ ይክተቱልኝ።"