የባንቺአየሁ ተራ

ባንቺአየሁን የሚያውቅ ሰው ወረፋ አይነጥቃትም። ጎርጎራ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ተወልዳ፣ ባሕር ዳር መጥታ በአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ ዲኑም ቢሆን ፊርማ ከጎደለ ደብዳቤውን ትመልስለታለች። ታዲያ እኛ፣ የዓባይ ማዶ የሚካኤል ማኅበርተኞች፣ ይህችን ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ተራዋን ነጠቅናት። ደግሞ ደግነት መስሎን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ተጸልዮ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ደጋሽ ይሰጣል። የባንቺአየሁ ልጅ ሀዲስ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ አእምሮውን ታመመ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል። አንድ ቀን እናቱን ተከትሎ መጥቶ በጸሎት መሀል ተነሣና "ዝም በሉ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የእሷ ተራ በደረሰ ቁጥር "አንቺማ የራስሽ ይበቃሻል" እያልን ጽዋውን አሳለፍነው። እሷም ልጇን ቤት ትታ ብቻዋን እየመጣች ጥግ ይዛ ትቀመጥ ነበር። ቤቷ የማንሄደው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነኝ፤ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ባለፈው ኅዳር ድግሱ እኔ ቤት ነበር። የማኅበራችን ቄስ መርስዔ ኀዘን ጽዋውን አንሥተው ከእሷ ቀጥሎ ባለተራ ለሆነው ለአስናቀ ሊሰጡት ሲሉ ባንቺአየሁ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

"አባ፣ ተራው የእኔ ነው።"

"ልጄ፣ አንቺን እንዳናስቸግር ብለን እኮ ነው።"

"መቼ ተቸገርሁ አልሁዎት? እንግዳ ናፈቀኝ እንጂ። ሀዲስ ከታመመ ወዲህ ደጄን የረገጠ ማኅበርተኛ የለም።"

አስናቀ ጉሮሮውን ጠረገ። የፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ሥርዓት የጎደለው ነገር አይወድም። "እቴ፣ እንደዚያን ቀን ቢጮህብንስ?"

"ትሰማላችሁ። እኔ በየቀኑ እሰማለሁ።"

ቄሱ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጧት።

ታኅሣሥ አሥራ ሁለት ሄድን። አምስት ሰው ቀረ፤ እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ለእግዜር ትቻቸው ነው እንጂ። ሀዲስ በር ላይ ተቀብሎ እጃችንን አስታጠበን። ጸሎቱ ሲጀመር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ቀጥሎ ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ድምፁም ከፍ አለ። አስናቀ ዓይኑን በሩ ላይ ጣለ። ቄሱ ግን ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው መራመጃ ለቀቁለት። ባንቺአየሁም ይቅርታ አልጠየቀችንም። ደስ አለችኝ። አቡነ ዘበሰማያት ላይ ስንደርስ ሀዲስ ቆመና አብሮን ደገመ።

ጽዋው ለአስናቀ ደረሰ። ታቅፎት ሊወጣ ሲል ወደ ሀዲስ ዞረ።

"በወሩ እኔ ቤት ነው። አንተም ትመጣለህ።"

"ጋሼ፣ ብጮህስ?"



"ወንድሜም ይጮኻል" አለ አስናቀ። "ከጣና ማዶ ደልጊ ነው ያለው። እሱንም አመጣዋለሁ።"

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ጠጥተናል፤ አስናቀ ወንድም እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው።