ላቡ እስኪደርቅ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ «አበጀህ» ያሉኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያንን ቀን ዛሬም ድረስ እረግመዋለሁ።

አባቴ ሐረር የገቡት ከተማዋን ከያዘው የሸዋ ሠራዊት ኋላ፣ ጓዝ የተጫኑ በቅሎዎች እየነዱ ነው። ሰው ሲጠይቃቸው «ተዋግቼ ገባሁ» ይላሉ፤ ውሸት ነው። የተዋጉት ከበቅሎ ጋር ነው። ሠራዊቱ ሲረጋጋ ከከተማዋ ግንብ፣ ከሸዋ በር ውጭ ቦታ ተመርተው ቤት ሠሩ፣ እናቴን አገቡ፣ እኔን ወለዱ። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ሞተች። ከዚያ ወዲያ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ማሳደግ ከተባለ። በቅሎዎቹ እያንዳንዳቸው የቁልምጫ ስም ነበራቸው፤ እኔ «አንተ» ነበርኩ።

ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ድሬዳዋ ቡና አድርሰው የተመለሱት በቅሎዎች ግቢ ገቡ። አንዲቱ፣ ዳማዋ፣ ላብ አጥምቋት አንገቷን ዘርግታ ታየኛለች። አዘንኩላት። ባልዲ ሙሉ ውሃ አቀረብኩላት፤ እስከ ታች ጠጣችው። በማግስቱ ሆዷ ተነፍቶ፣ መሬት ለመሬት ተንከባልላ ሞተች። ላቧ ሳይደርቅ ውሃ የጠጣች በቅሎ እንደማትተርፍ ጫኝ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ አላወቅኩም። አባቴ ከግቢያችን ግራር ጋር አስረው በአለንጋ ገረፉኝ። አለንጋው ባረፈ ቁጥር «ላቧ ሳይደርቅ?» ይላሉ። «ላቧ ሳይደርቅ?» ጠባሳው አሁንም ብርድ ሲሆን ያሳክከኛል። የኔታ ያስቆጠሩኝ ፊደል እንኳ እንደዚያ አልገባኝም።

እኔ ለአቅመ አዳም ስደርስ የአባቴን ዐይን ሞራ ጋረደው። በቅሎዎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። የቀረን አንድ ቡናማ ውሻ ነበር፤ ደረተ ሰፊ፣ አንድ ጆሮውን ጅብ የቀደደው። አባቴ እሱን እንደ መሪ በቅሎ አሠለጠኑት። ደረቱ ላይ የምታልፍ የጠፍር ማሰሪያ ሠሩለትና ጫፏን እጃቸው ላይ ጠምጥመው «ሂድ በቅሎዬ!» ይሉታል። ይሄዳል። ከቤት ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ። ውሻ ቅጥር አይገባምና ደጅ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ደግሞ መልሶ ቤት ያደርሳቸዋል። የግንቡ ውስጥ ሙስሊሞች ውሻው ልብሳቸውን እንዳይነካባቸው ከግድግዳ ጋር ይለጠፋሉ፤ አባቴ ግን እንደ ድሯቸው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ያልፋሉ። አንዴ «እኔ ልምራዎት» ብላቸው፣ «አንተ? አንተማ ገደል ትከተኛለህ» አሉኝ። ያ ውሻ ባይኖር ከደጃቸው ፈቀቅ እንደማይሉ እሳቸውም፣ እኔም፣ ሰፈሩም ያውቃል።

እኔ በዚያን ጊዜ የአንድ ግሪክ ነጋዴ መልእክተኛ ነበርኩ። ሰውዬው ቆዳና ቡና ይነግዳል። ደብዳቤ ከመጋዘን ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ መጋዘን አመላልስበት ብሎ ብስክሌት ሰጠኝ። የሰፈራችን አሮጊቶች «የሰይጣን ፈረስ» እያሉ ያማትቡበት ነበር። ግሪኩም የራሱ ብስክሌት ነበረው፤ ማለዳ ማለዳ ሁለት ውሾቹን ከጎኑ ያስሮጣል። አቤት የሱ ነገር! ፀሐይ ሳትወጣ ይነሣል። መጀመሪያ በእግር ያንሸራሽራቸዋል፤ እግራቸው ሲፍታታ ነው ብስክሌቱ ላይ የሚወጣው። ድንጋያማውን መንገድ ራሱ ይዞ ለስላሳውን አፈር ለእነሱ ይተውላቸዋል። ማሰሪያቸው ከጎማው እንዳይጠላለፍ ያሳጥረዋል፤ አንዱ ቢወድቅ ወዲያው እንዲለቀው ጫፉን በእጁ ይይዛል እንጂ ከብረቱ ጋር አያስርም። ማለክለክ ሲጀምሩ ይቆማል። ወርዶ በቆርቆሮ ሳሕን ውሃ ያጠጣቸዋል፣ እግራቸውን አንድ በአንድ እያነሣ መዳፋቸውን ያያል። እኛ የመጋዘኑ ሠራተኞች በሳቅ ልንሞት! «የውሻ እግር አጣቢው ጌታ» እንለው ነበር። እኔን ግን ከሁሉ የገረመኝ ውሃው ነው። እያለከለኩ ውሃ! ነገ ሆዳቸው ይነፋል፣ ነገ ይሞታሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሞቱም። የፈረንጅ ውሻ ሆዱ ሌላ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ውሻችን መንገድ መሃል ተዘርግቶ ተኛ። አባቴ ተሰናክለው ወደቁ፤ ክንዳቸው ተላጠ። ቤት ገብተው እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ሳለ «ወፈረብኝ» አሉ። «ሥራ የፈታ በቅሎ እንዲህ ነው። የሚያስሮጠው ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ።»

ቆሽቴ አረረ። «እኔ አስሮጠዋለሁ» አልኩ።

«አንተ?» አሉ። ያቺን «አንተ» ብትሰሟት!

በማግስቱ ጀመርኩ። ጠፍሩን ከብስክሌቱ መቀመጫ ሥር ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ ጓዝ የተጫነች በቅሎ ከፊተኛይቱ ኮርቻ ጋር እንደምትታሰረው። እንደዚያ ነው ያደግኩት፣ ሌላ አሳሰር አላውቅም። የግሪኩን ሩጫ ወሰድኩ፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ቅብጠት ቆጥሬ ጣልኩት። ከሸዋ በር ተነሥቼ በድሬዳዋ መንገድ እነዳለሁ፤ እሱ ጆሮውን አንጥፎ ይከተላል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስም ይለው ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ብስክሌቱን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል። ማታ ማታ አባቴ ጎኑን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ የጎድን አጥንቱን በጣታቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ገና ነው» ይላሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ገና ነው»። መዳፉ ተላጦ ማነከስ ሲጀምር አይቻለሁ። ይለምደዋል አልኩ።

በመጋቢት አንድ ቀን ግሪኩ በዚያው መንገድ ራቅ ያለ የቡና እርሻ ደብዳቤ አድርስ ብሎ ላከኝ። ሰዓቱ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቤት ጎራ ብዬ ውሻውን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ አጥንቱ ይቆጠራል፣ ዛሬ አባባ አፋቸውን ይይዛሉ አልኩ በልቤ።

መሄዱን ሄደልኝ። ስንመለስ ነው ጉዱ። ዳገቱ ላይ ጠፍሩ ወደ ኋላ ይጎትተኝ ጀመር። «ሂድ በቅሎዬ!» አልኩት በአባቴ ድምፅ። ትንሽ ሮጠ። እንደገና ጎተተኝ። ዞር ብዬ ሳይ ወድቆ በጎኑ እየተንሸራተተ ነው። ከብስክሌቱ ወርጄ በእግሬ መታሁት። አዎ፣ መታሁት! ተነሣ፣ ዐይኔን ዐይኔን አየኝ፣ ሮጠ። እንዲህ ባለ ነገር ሰው ያዝናል ይባላል። እኔ ያኔ አላዘንኩም፤ ተናደድኩበት። እኔም እንደዚያ እየተጎተትኩ ነው ያደግኩት፤ ማን ወርዶ መዳፌን አየልኝ?

ሸዋ በር ስንደርስ ከበሩ ጥላ ሥር ተዘረረ። እዚያ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት የግንብ ውስጥ ሴትዮ ነበሩ፤ አባቴ በውሻው እየተመሩ ሲያልፉ በየቀኑ የሚያዩ። ብድግ አሉ።

«ያ አላህ! ይኼ እንስሳ ውሃ ጠምቶታል!»

ከቅላቸው ውሃ የተሰበረ ገል ላይ አፈሰሱና አፈሩ ላይ አኖሩለት። እኔ ጠፍሩን ሳብኩ።

«ላቡ አልደረቀም፣ እናቴ።»

«ምን ላብ አለው? እስቲ ዳብሰው!»

ዳበስኩት። ጠጉሩ እንደ ጭድ ደርቋል። ግራ ገባኝ። ከዚያ ምላሱን አየሁ፤ ተንጠልጥሎ ጠብ ጠብ ይላል። አሃ፣ የውሻ ላብ በምላሱ ነው አልኩ፣ ምላሱ ይድረቅ። በራሴ ብልጠት ተደሰትኩ፤ ወይ ብልጠት!

«ወላሂ ትገድለዋለህ!» አሉ ሴትዮዋ። «ተወኝ ላጠጣው፣ አጅር ነው፣ ጽድቅ ነው። ሽማግሌው በምን ሊሄዱ ነው?»

«ዞር ይበሉ! ስለ ውሻ እርስዎ ምን ያውቃሉ?» አልኩና ገሉን በእግሬ ገፋሁት። ውሃው አፈሩ ላይ ፈሰሰ። ውሻው አንገቱን ዘርግቶ ጭቃውን ሊልስ ሲል ጠፍሩን አሳጠርኩበት። ይህች እጅ ናት ያሳጠረችው፤ ትቆረጥ።

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ማለክለኩ ቀነሰ። የምላሱ ጠብታ ቆመ፣ ከዚያ ምላሱ ራሱ ደረቀ። «አሁን ይጠጣ» ብዬ ያለ እፍረት ሴትዮዋን ውሃ ለመንኩ። ሰጡኝ። አፉ ውስጥ ሳፈስለት በሌላው ጎን ወጣ፤ መዋጥ አልቻለም። ተሸክሜው ቤት ስደርስ ሞቷል።

አባቴ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ሥር አስተኛሁት። እንደ ልማዳቸው ጎኑን ዳበሱ፣ የጎድን አጥንቱን አገኙ። ከዚያ እጃቸው ደረቱ ላይ ቆመ፤ ብዙ ቆየ።

«ሲያለከልክ ውሃ ሰጠኸው?» አሉ።

«አልሰጠሁትም። ላቡ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ አባባ።»

እጃቸውን አንሥተው ጀርባዬን፣ እዚያው ጠባሳዬ ላይ፣ መታ መታ አደረጉኝ። «አበጀህ» አሉ። «እንግዲያው ካንተ አይደለም፤ ቀኑ ደርሶ ነው።»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። የእሳቸው ዐይን እግሬ ሥር ሞቶ ተዘርግቶ እኔ ደስ አለኝ። ጉድጓድ ስቆፍርለት እንኳ እያፏጨሁ ነበር።

በማግስቱ ነገሩን ለግሪኩ አወራሁለት፤ እንደ ሙያ ቆጥሬው ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንተ አህያ!» አለኝ። «ውሻ እንደ በቅሎ አያልበውም። ማለክለኩ ነው ላቡ፤ ያኔ ነበር ማጠጣት! ትንሽ ትንሽ እያደረግህ!» ብስክሌቱን ከእጄ ነጠቀና በእግርህ ተመላለስ አለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ጠፍሩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሞራ እየቀቡ ያለሰልሳሉ። ለማን እንደሚያለሰልሱት እግዜር ይወቅ። በማግስቱ እሑድ ነው። ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ ዝም ብል «አበጀህ» የምትለዋ ቃል የኔ ሆና ትቀር ነበር። አልቻልኩም።

«ጥማት ነው የገደለው» አልኩ። «ውሻ የሚደርቅ ላብ የለውም። ውሃ ባጠጣው ይድን ነበር፤ እያየሁ ከለከልኩት። ለምን ከለከልኩት? የእርስዎን አለንጋ ፈርቼ! የገዛ ዐይንዎን በገዛ እጅዎ አጠፉ፣ አባባ።»

ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ አላቆምኩም። የማያይ ሰው ፊት ላይ መጨከን ቀላል ነው፤ ዐይኑን አትሸሽም።

አልተቆጡም። «ና ወዲህ» አሉ። ቀረብኩ። ጠፍሩን በወገቤ ዙሪያ አሳለፉ፣ ጀርባዬ ላይ የጫኝ ቋጠሮ ቋጠሩት፣ ሳብ አድርገው ጥንካሬውን ፈተሹ። ጫፉን እጃቸው ላይ ጠመጠሙ።

«ነገ ማልደህ ተነሥ» አሉ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ሰባት ዓመት መራኋቸው። «ሂድ» ይሉኛል፤ እሄዳለሁ። «በቅሎዬ» ብለውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሴው ረዝሞ ስንመለስ ፀሐዩ ከርሮ ነበር። አባቴ ግማሽ ክብደታቸውን ጠፍሩ ላይ ጥለውብኛል። ሸዋ በር ስንደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። በርበሬ ሻጯ ሴትዮ አዩኝ፣ ጠፍሩንም አዩት። የፈጸምኩባቸውን እያወቁ ቅላቸውን ሞልተው ዘረጉልኝ። እጄን ስሰነዝር ውሃው ቅሉ ውስጥ ተንቦጨቦጨ፤ አባቴ ሰሙት። ጠፍሩን ሳቡ።

«ላብህ ይድረቅ» አሉ።

ቆምኩ። እጄን መለስኩ። አባቴ ከኋላዬ ቀርበው በመዳፋቸው ጀርባዬን ከላይ እስከ ታች ቀስ አድርገው ዳበሱ። ሴትዮዋ ቅሉን እንደዘረጉ ናቸው።

«ገና ነው» አሉ አባቴ።